ሁሉም በአንድ በር

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጀመረ። ሥራ ላይ ያላችሁ ሥራችሁን ሳታቋርጡ፣ ቤት ያላችሁም ቡናችሁን እያፈላችሁ፣ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

ዛሬ የምንሄደው እንግሊዝ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ግሪኒች በሚባለው አካባቢ፣ ኪድብሩክ የሚሉት ሰፈር አለ። እዚያ ሰፈር በ1954 አንድ የሴት ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከአሁኑ ልብ በሉልኝ።

ትምህርት ቤት ተከፈተ ቢባል ምን ያስደንቃል? ትሉ ይሆናል። ይህኛው ግን ገና በሩ ሳይከፈት ወላጆችን ያከራከረ፣ የትምህርት ሚኒስትሯን እጅ ያስገባ ጉዳይ ነበር። የጠቡ መነሻ አንድ ሐሳብ ነው፦ ልጆችን በፈተና ሳንለይ፣ ጎበዙንም ደካማውንም፣ የሐኪሙንም የጫኝ አውራጁንም ልጅ በአንድ በር እናስገባ የሚል።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት ኮምፕሬሄንሲቭ ይሉታል። ስሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሕን፣ ጎንደር ላይ ፋሲለደስ ሲጠሩ ኮምፕሬሄንሲቭ የሚለውን አብሮ መስማት የለመድን ብዙ ነን። በእኛ አገር ነገሩ የትምህርት ዓይነት ነበር፤ ሒሳብና ፊዚክሱ፣ እንጨት ሥራውና ቤት አያያዙ በአንድ ግቢ መሰጠቱ። እንግሊዞች የተከራከሩት ግን ስለ ልጆቹ ነው። ማን ከማን ጋር ይቀመጥ?

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

እስኪ አንድ ጥያቄ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተኑ ዕድሜያችሁ ስንት ነበር? ዐሥራ አራት? ዐሥራ አምስት? ከዚያም በላይ የነበራችሁ ትኖራላችሁ።

የእንግሊዝ ልጅ ዕጣውን የሚወስነውን ፈተና የሚቀመጠው በዐሥር ወይም በዐሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የፈተናው ስም ኢለቨን ፕላስ ነው። ገና የወተት ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰ ልጅ፣ አንድ ቀን ጠዋት ወረቀት ይሰጠዋል። ሒሳብ አለበት፣ እንግሊዝኛ አለበት፣ የማሰብ ችሎታን ይለካል የተባለ ክፍልም አለበት።

ከዚያስ? ካለፈ ወደ ግራመር ትምህርት ቤት ይሄዳል። ግራመር ማለት ላቲን የሚማሩበት፣ ሳይንሱ የጠነከረ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስድ መንገድ ነው። ካላለፈ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ሞደርን የሚባለው ትምህርት ቤት ነው። ቴክኒካል የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም ታስቦ ነበር፤ እሱ ግን በየቦታው በበቂ ቁጥር ሳይሠራ ቀረ።

ሞደርን የገባው ልጅ በ15 ዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ አንድም የፈተና ምስክር ወረቀት ሳይዝ፣ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ሱቅ ሥራ ይወጣል። ግራመር የሚገባው ስንቱ ነበር? በደምሳሳው ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ። ሆኖም ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል። አንዱ አካባቢ ብዙ ግራመር አለው፣ ሌላው ጥቂት። ስለዚህ ያው ልጅ፣ በያው ውጤት፣ እዚህ ሰፈር ሲኖር ያልፋል፣ እዚያ ሰፈር ሲኖር ይወድቃል።

ልድገመው። አንድ ልጅ፣ አንድ ውጤት፤ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቦታ ግን ማለፍ መውደቁን ይወስናል።

ለዚህ ሥርዓት መሠረት የሆነው የ1944ቱ የትምህርት ሕግ ነው። የትምህርት ሚኒስትሩ አር. ኤ. በትለር ያወጡት ሕግ ስለሆነ በእሳቸው ስም ይጠራል። ሕጉ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሁለተኛ ደረጃን ለሁሉም ልጅ ነጻ አደረገ። ከዚያ በፊት የድኻ ልጅ ነጻ ቦታ ካልደረሰው በቀር ግራመር ለመግባት ክፍያ ይጠበቅበት ነበር። ልጆች በሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት ይከፈሉ የሚል ቃል ግን ሕጉ ውስጥ የለም። አከፋፈሉ ሕጉን በሥራ ሲተረጉሙ የመጣ ነው።

(አጭር ዝምታ)

የልጅን አእምሮ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ለክቶ መወሰን ይቻላል ያለው ማን ነው? ብዙዎች ናቸው። ከሁሉም ስሙ የገነነው ግን የሥነ ልቦና ሊቁ ሲረል በርት ነበር። የማሰብ ችሎታ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ ነው፣ በፈተናም ይለካል ይል ነበር። በርት በ1971 ከሞተ በኋላ መንትዮችን አጥንቼ አገኘሁት ያለው መረጃ ክፉኛ ተጠረጠረ፤ ብዙ ባለሙያዎችም ሊታመን የማይችል ነው አሉ።

ሰዎች ግን እስከዚያ አልጠበቁም። በ1950ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ልጆች ዐሥር ያህሉ ወደማይገባቸው ትምህርት ቤት እንደሚላኩ አሳይተዋል። ፈተናውን አስቀድሞ በማስጠናት ውጤት ከፍ እንደሚልም ታወቀ። ከፍ የሚል ከሆነ ታዲያ የሚለካው ተፈጥሮ ነው ወይስ የአስጠኚ ገንዘብ? አስጠኚ ቀጥራችሁ የምታውቁ ወላጆች መልሱን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

(የደወል ድምፅ፤ የተማሪዎች ጫጫታ ከርቀት)

አሁን ወደ ኪድብሩክ እንመለስ።

የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት፣ ማለትም ያኔ ለንደንን ያስተዳድር የነበረው አካል፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ አንድ ነገር ተመለከተ። የጀርመን ቦምብ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አፍርሷል። መሥራቱ ካልቀረ በአዲስ ሐሳብ እንሥራ አለና በ1947 የከተማውን የትምህርት ቤቶች እቅድ አወጣ። የእቅዱ ልብ ኮምፕሬሄንሲቭ ነበር። የሚገርመው፣ ሲረል በርት ቀደም ሲል ለዓመታት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኖ የሠራው ለዚሁ ምክር ቤት ነው።

በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ ያለችው የሆሊሄድ ከተማ ትምህርት ቤት በ1949 ቀድሞ ኮምፕሬሄንሲቭ ሆኗል። ለንደን ውስጥም በቆዩ ሕንጻዎች የተጀመሩ ሙከራዎች ነበሩ። ከመሠረቱ ለዚህ ዓላማ ተብሎ በለንደን የተገነባ የመጀመሪያው ግን ኪድብሩክ ነው። ለ2,000 ያህል ልጃገረዶች የታሰበ ነበር።

ሁለት ሺህ! ለምን ይህን ያህል አበዙት? ይህ ጥያቄ ያኔም ተጠይቋል፤ ወላጆች ልጃችን በሰው ብዛት ትጠፋብናለች ብለው ፈርተዋል።

ምክንያቱ ስሌት ነው። ያኔ አብዛኛው ልጅ በ15 ዓመቱ ያቋርጣል። እስከ 18 ዓመት የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት ለ18 ዓመት ልጆች ፊዚክስ፣ ፈረንሳይኛ፣ ታሪክ ለየብቻ ማስተማር ከፈለገ ለእያንዳንዱ የሚበቃ ተማሪ ማግኘት አለበት። እነዚያን ጥቂቶች ለማግኘት ከታች ብዙ ልጅ መግባት አለበት። ግራመር የተመረጡትን ብቻ ስለሚወስድ በትንሽ ቁጥር ይችለዋል። ሁሉንም የሚወስድ ግን መብዛት ግድ ይለዋል ተባለ። ኋላ ብዙ ልጆች እየቆዩ መማር ሲጀምሩ ስሌቱ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ያነሱ ናቸው።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የምክር ቤቱ አሳብ በአካባቢው ያሉትን ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ዘግቶ ልጆቹን ኪድብሩክ ማስገባት ነበር። ሊዘጉ ከታሰቡት አንዱ ኤልተም ሂል የሚባል የሴቶች ግራመር ነው። የኤልተም ሂል ወላጆች ተነሡ። ልጃችን ፈተናውን አልፋ ያገኘችውን ቦታ ማን ይወስድባታል? አሉ። እውነት ለመናገር እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ዝም የምል አይመስለኝም።

ጉዳዩ ለትምህርት ሚኒስትሯ ለፍሎረንስ ሆርስብሩ ቀረበ። ሆርስብሩ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ናቸው፤ ከፓርቲያቸው ሴቶች የካቢኔ አባል በመሆንም የመጀመሪያዋ ናቸው። በ1954፣ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ወራት ሲቀሩት፣ ውሳኔያቸውን ሰጡ። ኪድብሩክ ይከፈት፣ ኤልተም ሂል ግን አይዘጋም።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ የዛሬው ወሬያችን ሥር እዚህ ነው ያለው።

ኤልተም ሂል ካልተዘጋ ምን ይሆናል? በአካባቢው በፈተና የበለጡት ልጃገረዶች ወደዚያ መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ኪድብሩክ ሁሉንም እቀበላለሁ ብሎ በሩን ከፈተ፤ ሁሉም ግን አልመጡም። ቅቤው አስቀድሞ ወጥቷል። ለሁሉም የተሠራው ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉውን ሰፈር አላገኘም።

ይህ የኪድብሩክ ብቻ ዕጣ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው የእንግሊዝ ኮምፕሬሄንሲቭ ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው። በሩ ክፍት ነው፤ የተወሰኑ ቤተሰቦች ግን ሌላ በር ያገኛሉ። ግራመር ይሆናል፣ የግል ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ኋላ እንደምናየው ደግሞ ቤት መቀየር ይሆናል።

(የእግር ኮቴ ድምፅ፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ)

እስኪ ወደ ውስጥ እንግባ። በዚያን ዘመን የነበረውን ግቢ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት።

የመጀመሪያዋ ርእሰ መምህርት ሜሪ ግሪን ይባላሉ። ትምህርት ቤቱን ከተከፈተበት ከ1954 ጀምሮ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል መርተዋል፤ ኋላም ዴም የሚለውን የክብር ማዕረግ አግኝተዋል። እሳቸው የተረከቡት ትልቅ የመስታወት ሕንጻ፣ ሰፊ የስብሰባ አዳራሽ፣ ቤተ ሙከራ፣ የልብስ ስፌትና የጽሕፈት መኪና ክፍሎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የምታልም ልጅና ጸሐፊ ለመሆን የምታስብ ልጅ በአንድ መተላለፊያ ይተላለፋሉ።

መተላለፊያ ካልኩ አይቀር። በእኛ አገር ተማሪው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ አስተማሪው ጠመኔውን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ አይደል? እንግሊዝ ተገላቢጦሽ ነው። አስተማሪው በክፍሉ ይቀመጣል፣ ተማሪው ይዞራል። ደወል ሲደወል ሁለት ሺህ ልጅ በአንድ ጊዜ ቦርሳውን ይዞ ይነሣል። ደረጃው ላይ የሚወጣው ከሚወርደው ጋር ይጋፋል። በግራ በኩል ሂዱ፣ አትሩጡ የሚል አስተማሪ በየማዕዘኑ ይቆማል። እንግዳ ሆኖ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት መንገድ ሲጠፋበት ይሰነብታል።

እንዲህ ባለ ብዛት ውስጥ አንዲት ልጅ እንዳትጠፋ ምን ይደረጋል? ሁለት መላ አለ።

አንዱ እኛ ሆምሩም የምንለው ነው። ጠዋት ጠዋት ስም የሚጠራ፣ የቀረችበትን ምክንያት የሚጠይቅ፣ የቤት ችግር ሲኖር ቀድሞ የሚሰማ አስተማሪ ይመደብላታል። ሁለተኛው ሃውስ ይባላል። ትምህርት ቤቱን በትናንሽ ቡድኖች መክፈል ነው። እያንዳንዱ ሃውስ ስም አለው፣ ኃላፊ አለው፣ በስፖርትና በቲያትር ይፎካከራል። ይህን ልማድ የተዋሱት ከሀብታሞቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሃውስ በእርግጥም የሚያድሩበት ቤት ነበር፤ እዚህ ግን ልጆቹ ማታ ወደየቤታቸው ስለሚገቡ ስሙ ብቻ ቀረ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ይህን ትቶ በክፍል ደረጃ የሚያደራጅ ኃላፊ መርጧል።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ካርድ ሲመጣ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ስንተኛ ወጣህ? ነው። በእንግሊዝ ኮምፕሬሄንሲቭ ካርድ ላይ ከክፍሉ ስንተኛ የሚል ቁጥር ብዙም አይታይም። ልጁ በየትምህርቱ የት እንደደረሰና ምን እንደሚቀረው ይጻፋል። ብዙ አበሻ ወላጅ ይህን ካርድ አገላብጦ፣ ታዲያ ልጄ ጎበዝ ነው ወይስ ሰነፍ? እንደሚል እገምታለሁ።

(አጭር ዝምታ)

ታዲያ መለያየቱ ቀረ ማለት ነው? አልቀረም። ይህን ነጥብ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፤ አትታዘቡኝ። መለያየቱ ከበሩ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮምፕሬሄንሲቮቹ ልጆችን በችሎታ ለይተው በየክፍሉ ይደለድሉ ነበር። ጎበዞቹ አንድ ክፍል፣ መካከለኞቹ አንድ ክፍል፣ ደካሞቹ አንድ ክፍል፤ ለሁሉም ትምህርት በዚያው። ተቺዎች፣ ይህማ ግራመሩንና ሞደርኑን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስገባት ነው አሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የለም፣ ሁሉንም ቀላቅለን እናስተምር አሉ። ዛሬ በብዛት የሚታየው መካከለኛው መንገድ ነው፦ በትምህርት ዓይነት መደልደል። ልጁ በሒሳብ ከፍተኛው ቡድን፣ በእንግሊዝኛ ሦስተኛው ቡድን፣ በሥዕል ደግሞ ከሁሉም ጋር ተቀላቅሎ ሊማር ይችላል።

ልዩነቱ ታዲያ የት ላይ ነው? በጊዜው ላይ ነው። ግራመር ያልገባ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ መንገዱን መቀየር እጅግ ይከብደው ነበር፤ ሌላው ትምህርት ቤት ከተማው ማዶ ነውና። ኮምፕሬሄንሲቭ ውስጥ ግን በ13 ዓመቷ ሒሳብ የገባት ልጅ ከሦስተኛው ቡድን ወደ ሁለተኛው ለመውጣት ኮሪደሩን ብቻ ትሻገራለች። በተግባር ቡድን የሚቀይር ልጅ የሚፈለገውን ያህል አይበዛም። ቢሆንም በሩ አልተቆለፈም። በእኔ ሚዛን የኮምፕሬሄንሲቭ ትልቁ ውለታ ይህ ነው። ልጆችን እኩል አላደረጋቸውም፤ ጊዜ ግን ሰጣቸው።

(የሙዚቃ ድልድይ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

ነገሩ አገር አቀፍ የሆነው በ1965 ነው። የሌበር ፓርቲ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር አንቶኒ ክሮስላንድ ሰርኩላር 10/65 የሚባል ደብዳቤ ለየአካባቢው አስተዳደር ላኩ። ትምህርት ቤቶቻችሁን ወደ ኮምፕሬሄንሲቭ የምትቀይሩበትን እቅድ አቅርቡ ይላል። ደብዳቤው ይጠይቃል እንጂ አያዝዝም። እንቢ ያሉም፣ እያዘገሙ ጊዜ የገዙም ነበሩ።

ከዚያ በ1970 ማርጋሬት ታቸር የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ያንን ደብዳቤ ሻሩት። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን፣ በእሳቸው የሚኒስትርነት ዘመን የጸደቁት ኮምፕሬሄንሲቮች ከማንኛውም ሌላ የትምህርት ሚኒስትር ዘመን ይበልጣሉ። የየአካባቢው አስተዳደር፣ ወግ አጥባቂ የሚመራውም ጭምር፣ እቅዱን ይዞ ይመጣ ነበር። ለምን? ልጃቸው ፈተናውን የወደቀባቸው የመካከለኛ ኑሮ ወላጆችም መራጮች ናቸዋ!

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሚማሩት ዐሥር የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ዘጠኙ ያህል ኮምፕሬሄንሲቭ ውስጥ ነበሩ። ያ ያልተዘጋው ኤልተም ሂልም በመጨረሻ ራሱ ኮምፕሬሄንሲቭ ሆነ። ግራመር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ኬንትንና በኪንግሃምሽርን በመሳሰሉ አካባቢዎች 163 ያህል ዛሬም አሉ። በ1998 የወጣው ሕግ አዲስ ግራመር እንዳይከፈት ይከለክላል።

ሆላንድ ፓርክን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በምዕራብ ለንደን በ1958 የተከፈተ ሌላ ኮምፕሬሄንሲቭ ነው። የሌበሩ ፖለቲከኛ ቶኒ ቤን ልጆቻቸውን ከግል ትምህርት ቤት አውጥተው እዚያ አስገቡ። ጋዜጦች በስመ ጥሩው የሀብታሞች ትምህርት ቤት ስም የሶሻሊስቶቹ ኢተን እያሉ ቀለዱበት። የተማሩና ስመ ጥር ሰዎች ልጆቻቸውን ሲያመጡ የትምህርት ቤቱ ስም ከፍ አለ። ስሙ ከፍ ሲል ደግሞ በአካባቢው መኖር የሚፈልገው በዛ።

እንግዲህ ቤት መቀየር ያልኩት ይህ ነው። ፈተናው ሲቀር ትምህርት ቤቶች ልጅ የሚቀበሉት በአብዛኛው በቅርበት ሆነ። ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ቤት ዋጋው ይወደዳል። ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይርቃል። ኢለቨን ፕላስ በሌለበት ሰፈር የቤት ደላላው ፈታኝ ሆነ።

(የሳህንና የማንኪያ ድምፅ)

አሁን ደግሞ ወደ ምሳ ቤት እንሂድ፤ ኪድብሩክን ዓለም ያወቀው በምሳ ነውና።

በ1981 ኪድብሩክ ወንዶችንም መቀበል ጀምሮ ነበር። በ2005 በታየ የቴሌቪዥን ዝግጅት ታዋቂው ምግብ አብሳይ ጄሚ ኦሊቨር ካሜራ አስከትሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ገባ። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ኖራ ሳንድስ የሚባሉ ቀልድ አዋቂ ሴት ነበሩ። ልጆቹ ምሳ የሚበሉት ምን ነበር? ድንች ጥብስ፣ በርገር፣ ከዚያም ተርኪ ትዊዝለር የሚባል እንደ ሽቦ የተጠመዘዘ የፋብሪካ ሥጋ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የ1944ቱ ሕግ ትምህርት ቤቶች ምሳ እንዲያቀርቡ ያስገድድ ነበር። በ1980 የወጣ ሌላ ሕግ ግዴታውን አላላ፣ የምግቡን ደረጃ መጠበቂያም አነሣ። ከዚያ ወዲህ ማን በርካሽ ያቀርባል? የሚለው ጥያቄ ገዛ። ጄሚ ግሪኒች ሲደርስ ለአንድ ልጅ ምሳ የምግቡ መግዣ 37 ፔንስ ብቻ ነበር።

ጄሚ በዚህ ሁሉ ምትክ ትኩስ ምግብ ማብሰል ጀመረ። ልጆቹስ አዲሱን ምግብ ወደዱት? መጀመሪያማ አልነኩትም። አትክልት አይተው የማያውቁ ይመስል አፍንጫቸውን ያዙ። ወጥ ቤት ሠራተኞቹ ከተከፈላቸው ሰዓት በላይ ሠሩ። በ2006 ሮዘርሃም አጠገብ ባለ ሌላ ኮምፕሬሄንሲቭ ደግሞ እናቶች በአጥር በኩል በርገርና ድንች ጥብስ ለልጆች ሲያቀብሉ አገር ጉድ አለ። የእናት ሆድ እንግሊዝም ያው ነው።

ከኪድብሩክ የተነሣው የጄሚ የትምህርት ቤት ምግብ ዘመቻ ግን ሠመረ። ከ271,000 የሚበልጥ ፊርማ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ቀረበ፤ መንግሥትም ለትምህርት ቤት ምግብ 280 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመድብ ቃል ገባ። ልብ አድርጉ፦ ሁሉም በአንድ በር የሚገባበት ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው የአንዱ ምሳ ቤት ችግር የአገር ጉዳይ የሆነው። የራሱ ልጅ የሚበላው ምሳ መሆኑን የማያውቅ ተመልካች ጥቂት ነበር።

(አጭር ዝምታ)

ዛሬ ለንደን ሄዳችሁ ኪድብሩክ ትምህርት ቤት የት ነው? ብትሉ ስሙን አታገኙትም። በ2011 አካዳሚ ሆኖ ኮሬሊ ኮሌጅ ተባለ። በ2018 ደግሞ ሌላ የትምህርት ቤቶች ድርጅት ተረክቦት ሃሊ አካዳሚ ሆነ። አካዳሚ ማለት ከአካባቢው አስተዳደር ወጥቶ ገንዘቡን በቀጥታ ከመንግሥት የሚቀበል ማለት ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በር ላይ አካዳሚ ይባል እንጂ አብዛኞቹ ልጆችን በፈተና አይመርጡም፤ ስለዚህ በጠባያቸው ኮምፕሬሄንሲቭ ናቸው።

ለንደን ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ወይም እዚያ እኅት ወንድም ያላችሁ፣ ይህን ያዙልኝ። ልጁ 11 ዓመት ሞልቶት ሁለተኛ ደረጃ ከመግባቱ በፊት ባለው ኦክቶበር 31፣ ማመልከቻው ለአካባቢው አስተዳደር መድረስ አለበት። ለንደን ውስጥ እስከ ስድስት ትምህርት ቤት መምረጥ ይቻላል። ውጤቱ በማርች 1 ይነገራል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከልብ የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ ጻፉ። አይደርሰንም ብላችሁ ወደ ታች አታውርዱት። ትምህርት ቤቶቹ ስንተኛ አድርጋችሁ እንደመረጣችኋቸው አያዩም፤ አንደኛ ብትጽፉት ከሌላው ዕድላችሁ አይቀንስም። ደግሜ እላለሁ፦ አንደኛ የምትሹትን አንደኛ ጻፉ።

ልጁ እንግሊዝኛ ሳይችል በዓመቱ መካከል ቢደርስስ? እሱም ቦታ ይፈለግለታል። በለንደን ትምህርት ቤቶች ልጆች ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ቋንቋ ከ300 ይበልጣል፤ አማርኛና ትግርኛም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ16 ዓመቱ ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. የሚባለውን ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያ እስከ 18 ዓመቱ በትምህርት ወይም በሙያ ሥልጠና መቆየት ግዴታው ነው። በ15 ዓመት ወደ ፋብሪካ የሚወጣበት ዘመን አልፏል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ በዝግታ ይገባል)

የሳምንቱ ጥያቄያችን ይህ ነው። እናንተ ርእሰ መምህር ብትሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ የምታስተምሩት በችሎታ ለይታችሁ ነው ወይስ ቀላቅላችሁ? ምክንያታችሁንም ጨምሩበት። አስተማሪዎች ካላችሁ በክፍላችሁ ያያችሁትን ጻፉልን፤ ተማሪዎችም ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ነገሩ እንዴት እንደሚታይ ንገሩን። ደብዳቤዎቻችሁን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አነባለሁ። ደኅና ሰንብቱ።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል)